የሐዲድ ቁራጭ ስበይድ ለምን ይሰነጠቅብኛል?

የቅዳሜ ገበያው በያጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ። ሥራዬ በርና መስኮት ነው። አባቴ ግን ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ። የሚቀጠቅጥባት መስፍ አንድ ክንድ የምታህል የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ ጋ ናት። ግንዱ ላይ ስለምትንገዳገድ ከሥሯ ወፍራም ላሜራ ልበይድላት አልኩ። እንደ ሁልጊዜው በ6013 ኤሌክትሮድ። ብየዳው አምሮ ነበር። ሲቀዘቅዝ ግን ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ፈግፍጌ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ስንጥቁ ደግሞ ብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ሐዲዱ ላይ ነው። ፌሮ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ምን አጠፋሁ? ደግሞስ ባቡር ያልገባበት ጎንደር ይሄ ብረት እንዴት ደረሰ? አባቴን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ይቆጨኛል።

የማራኪው መካኒክ፦
የመኪና ባሌስትራም እንደዚሁ ነው ወንድሜ። ሳይሞቅ ከበየድከው አይታመንም። በቡሎን ብታስረው ይሻልሃል።

ጡረተኛው ከአዘዞ፦
ልጄ፣ እባክህ ሦስተኛ እንዳትሞክረው። እኔ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያረጀሁት። አሁን አዘዞ ልጄ ቤት ነኝ። የሐዲድ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

የምትሠራበት ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ በታች። ሐዲድ ግን ከ0.6 እስከ 0.8 በመቶ ድረስ አለው። የባቡር ጎማ ሐዲዱን የሚነካው ሳንቲም በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቶን እሷ ላይ ያርፋል። ለስላሳ ብረት ይህን አይችልም። ድሮ እንግሊዝ አገር ደርቢ ጣቢያ ላይ የብረት ሐዲድ በየጥቂት ወሩ ይቀየር ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. እዚያው ቦታ የአረብ ብረት ሐዲድ አነጠፉ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ መዶሻ ሲያሳርፍባት ያልጎበጠችው ለዚህ ነው።

ጥንካሬው ግን ለብየዳ ጠላት ነው። ቀዝቃዛ ሐዲድ ላይ ስትበይድ ያ ሁሉ ብረት ሙቀቱን ባንዴ ይመጠዋል። አባትህ ማጭድ አግሎ ውሃ ሲያጠጣ አይተሃል አይደል? ብየዳህ አጠገብ የሆነው እሱ ነው። ብረቱ እንደ ብርጭቆ ደረቀ፤ ሲኮማተር ተሰነጠቀ።

የግድ መበየድ ካለበት ስንጥቁን ጨርሰህ ፈግፍገህ አውጣ። ከሰል ላይ ቀስ ብለህ አሙቀው። የተፈገፈገው ቦታ ወደ ሰማያዊ ሲዞር 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ትንሽ ጨምርለት። በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ በይድና ወዲያው አመድ ውስጥ ቅበረው፤ እዚያው ይደር።

እኔ ብሆን ግን አልበይደውም። ሐዲድ መስመር ላይ ሲነጠፍም ከሥሩ ከሚጋደመው ጋር አይበየድም። እግሩ ሰፊ የሆነው ተይዞ እንዲጠበቅ ነው። እንጨት ላይ በወፍራም ብሎንና በምስማር፣ ብረት ላይ በመንጠቆና በቡሎን ይያዛል። አንተም ጥሩ የወይራ ግንድ ፈልግ። የሐዲዱን እግር ግራና ቀኝ በአራት ወፍራም ብሎን ከነሮንዴላው ንከሰው። አይንገዳገድም።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። 12 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ35 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። በየመገጣጠሚያው ክፍተት የምንተወው ለዚያ ነበር። የባቡሩ ጎማ ክፍተቱን ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ እስካሁን በእንቅልፌ እሰማዋለሁ።

አሁን የሽቦ ብሩሽ ያዝና የሐዲዱን ወገብ ጥረገው። ሲሠራ ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱ። መዝነውም ንገረኝ።

የቅዳሜ ገበያው በያጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠረግሁት። 45 ሳንቲሜትር ናት፣ 11 ኪሎ። ጽሑፉ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። የሚነበበው "190" ብቻ ነው። ቀጣዩ ቁጥር አብሮ ሄዷል።

ጡረተኛው ከአዘዞ፦
በሜትር ወደ 24 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ለጠባብ መስመር የሚሆን ቀላል ሐዲድ ነው። የዛሬ ከባድ መስመር 60 ኪሎ ይደርሳል።

190 ካለ ያኔ በአካባቢያችን የሚሠሩ ሁለት መስመሮች ነበሩ። የጅቡቲው በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የምፅዋው ደግሞ በ1911 አስመራ ወጣ። ለጎንደር የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። በኤርትራው የነፃነት ጦርነት ዘመን የዚያ መስመር ሐዲድ ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበታል። የተረፈው በመኪና ተጭኖ ወደዚህ ቢመጣ አይገርመኝም። የድሮ ሰዎች ካሉ አባትህ ዕቃ ከየት ይገዛ እንደነበር ጠይቅ።

የቅዳሜ ገበያው በያጅ፦
እጠይቃለሁ ጋሼ። የወይራ ግንዱንም አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ነው የማስረው። ቢመጡ ቡና አፈላለሁ።

ጡረተኛው ከአዘዞ፦
እመጣለሁ። ጽሑፉን በግራይንደር እንዳትነካብኝ፤ በዓይኔ ልየው።