የዲሲ ዞኒንግ ደንብ ማሻሻያ፦ ሂሪንጉ መቼ ቢያዝ ሰው ይመጣል?

ሰፈርተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያለን ነጋዴዎች የዞኒንግ ደንቡ (የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው) አንድ አንቀጽ እንዲሻሻል ለዞኒንግ ኮሚሽኑ ልናመለክት ነው። ግማሹ ሰው «በጁላይ ሴትዳውን (ኮሚሽኑ ጉዳዩን ለሂሪንግ ለማቅረብ የሚሰጠውን ውሳኔ) ካገኘን፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ሂሪንግ (ሕዝብ ሐሳቡን የሚሰጥበት ስብሰባ) ይያዝና እንገላገል» ይላል። ተከራዩም ሠራተኛውም እንዲናገር ቀኑን እንዴት እንቁጠር?

ቀን_ቆጣሪ፦
ሴፕቴምበርን ተዉት። ማስታወቂያው ከሂሪንጉ ቢያንስ 40 ቀን በፊት መውጣት አለበት፤ ይህ ቅዳሜና እሑድንም ይጨምራል። ለኤኤንሲ (ለየሰፈሩ የተመረጠ አማካሪ ኮሚሽን) የሚሰጠው የ30 ቀን ማሳወቂያ ግን ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠርበትም። ስለዚህ 30ው በትንሹ 42 ቀን ይሆናል፤ ሌበር ዴይ መሐል ከገባ ደግሞ ይረዝማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በዚያ ላይ አብዛኞቹ ኤኤንሲዎች በኦገስት አይሰበሰቡም። የሴፕቴምበር ስብሰባቸው ከሂሪንጉ በኋላ ከዋለ ሪፖርታቸው አይደርስም። ዞኒንግ ኮሚሽኑ ለኤኤንሲ ሐሳብ «ታላቅ ክብደት» መስጠት ያለበት ደግሞ በጽሑፍ ለቀረበ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ስብሰባው በቅድሚያ መታወቁን፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱንና የድምፁን ውጤት ይግለጽ። የአንድ የኤኤንሲ ኮሚሽነር የግል ኢሜይል አይበቃም። በጁላይ ሴትዳውን ካገኛችሁ ሂሪንጉ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ እንዲሆን ጠይቁ።

ከሂሪንጉም በኋላ ሥራ አለ፦ ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ውሳኔ ይሰጣል፣ ረቂቁ በዲሲ ሬጅስተር (የከተማው ይፋዊ ጋዜጣ) ወጥቶ 30 ቀን አስተያየት ይሰበሰብበታል፣ የፌዴራሉ የፕላን ኮሚሽንም ያየዋል። የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

ወረቀት_አገላባጭ፦
ቀኑ ላይ እስማማለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማስታወቂያው ውስጥ የሚጻፈው ነው። አንድ አማራጭ ብቻ ከታተመና በሂሪንጉ ነዋሪው ሌላ የተሻለ ሐሳብ ካመጣ፣ ኮሚሽኑ ከታተመው ወሰን ብዙ ሊወጣ አይችልም፤ እንደገና ማስታወቅ ይመጣል፣ ያ 40 ቀን ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ሦስት አማራጭ ጎን ለጎን እንዲታተም ከሴትዳውን በፊት ጠይቁ።

ሰፈርተኛ፦
ተከራዮች ደብዳቤ በፖስታ ይደርሳቸዋል?

ወረቀት_አገላባጭ፦
አይደርሳቸውም። በ200 ጫማ ውስጥ ላሉት ባለንብረቶች ደብዳቤ የሚላከው የአንድን ቦታ ጉዳይ በክርክር ለሚያይ ሂሪንግ ነው። የእናንተ የደንብ ጽሑፍ ማሻሻያ ስለሆነ ተከራካሪ ወገን የሚባልም የለም፤ ማንም መጥቶ ይናገራል። ስለዚህ ወረቀቱን ራሳችሁ በየሱቁ በር ለጥፉ።

የማታ_ሺፍት፦
ሂሪንጉ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 4) ላይ በኢንተርኔት ነው የሚካሄደው። ኩሽና ውስጥ ላለ ሰው እራት የሚሰናዳበት ሰዓት ነው። ግለሰብ የሚሰጠው ደቂቃ 3፣ ድርጅት 5 ነው። ወረፋው ግን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ቀርቦ መናገር ለማይችል የጽሑፍ አስተያየቱን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት አስገቡለት።

አማርኛ አስተርጓሚ ነፃ ነው፤ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በአማርኛ ተጽፏል፣ ከስብሰባው አምስት ቀን በፊት ጠይቁ ይላል። ሰነፎች ነንና አናነበውም እንጂ። በፀደይ የምታደርጉት ከሆነ ሰሙነ ሕማማትን ዝለሉ፤ የሐሙስ ሂሪንግ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ከዋለ ግማሹ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው።