«ፈጽሞ አይጠላለፍም» የሚባለው የዓሣ ማጥመጃ ሪል ዋጋውን ያወጣል?

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ሲሆን እረፍት ሳገኝ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጠምዳለሁ። ለብዙ ጊዜ የተጠቀምኩት በጣሳ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክርና መንጠቆ ብቻ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን ከውጭ አገር የመጣ የአክስቴ ልጅ አንድ ዘንግ ከነሪሉ (ከነክር መጠምጠሚያው) ሰጠኝ። ሪሉ ቤይትካስቲንግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥና በውርወራ ጊዜ ክሩ የተጠመጠመበት ስፑል ራሱ የሚሽከረከር ነው።

በመጀመሪያው ውርወራ በክሩ ጫፍ የታሰረው ማጥመጃ አሥር ሜትር እንኳ ሳይርቅ ክሩ ከሪሉ ውስጥ ተግተልትሎ ወጣና ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆነ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውሉን ስፈልግ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀሁ፤ በመጨረሻም በምላጭ ቆርጬ ጣልኩት። አጠገቤ በእጅ ክር ያጠምዱ የነበሩ ሁለት ልጆች በዚያው ጊዜ ውስጥ ስድስት ቆሮሶ አወጡ።

አሁን አንድ ነጋዴ «ፈጽሞ አይጠላለፍም» የተባለ፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሪል አስመጣልሃለሁ እያለኝ ነው፤ ዋጋው ግን ከተራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእርግጥ የማይጠላለፍ ሪል አለ ወይ? ካለስ እንደ እኔ በወር ሁለት ጊዜ ለሚያጠምድ ሰው ያዋጣል?

ሐረጎ ቁልቁለት፦

ወንድሜ፣ እኔ ኮምቦልቻ የመኪና መካኒክ ነኝና በማውቀው ላስረዳህ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ የተሳቢው ፍሬን ባይዝ፣ ተሳቢው ከኋላ መጥቶ መኪናውን ይገፋዋል። በሪልህ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። ማጥመጃው እንደተወነጨፈ ስፑሉን በከፍተኛ ፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ጥቂት እንደሄደ ግን አየር እየገታው ይዘገያል። ስፑሉ ይህን ስለማያውቅ በያዘው ፍጥነት መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ማጥመጃው ሊወስደው ከሚችለው በላይም ክር ይለቃል። መሄጃ ያጣው ክር እዚያው ሪሉ ውስጥ ይተረማመሳል። የስፑሉ ዙሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ማጥመጃው በሰከንድ 25 ሜትር ቢወነጨፍ፣ ስፑሉ በሰከንድ 250 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህም በደቂቃ 15,000 ዙር ነው። የመኪና ሞተር እንኳ እንዲህ አይዞርም።

ስለዚህ ሁሉም ቤይትካስቲንግ ሪል ፍሬን አለው፤ የሚለያዩት በፍሬኑ ዓይነት ነው። አንደኛው ስፑሉ ሲፈጥን ትናንሽ ጫማዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ከቀለበት ጋር የሚፋተጉበት ሲሆን፣ ውርወራው ሲጀምር በኃይል ይይዛል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይለቃል። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራው ነው። አሉሚኒየም በማግኔት ባይሳብም፣ በማግኔት አጠገብ በፍጥነት ሲሽከረከር ግን በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠርና እንቅስቃሴውን ይቃወማል፤ ምንም ነገር ሳይነካው ይገታል። ይህኛው እስከ ውርወራው መጨረሻ ድረስ በለዘብታ ይይዛል። ነጋዴው የነገረህ ሦስተኛው ነው። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዲሲ በሚል ስም በሚያወጣቸው ሪሎች ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር አለች፤ የስፑሉን ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ጊዜ እየለካች ፍሬኑን እንደሚያስፈልገው እንደምታጠብቅና እንደምታላላ አምራቹ ይገልጻል። ባትሪ የላትም፤ ኃይል የምታገኘው ከስፑሉ መሽከርከር ነው። ከላይ ባሰላሁት ፍጥነት እንኳ በእያንዳንዱ ዙር አራት ጊዜ ትለካለች ማለት ነውና ነገሩ ተራ ማስታወቂያ አይደለም።

ነገር ግን «ፈጽሞ አይጠላለፍም» የሚለው ቃል የነጋዴ ነው። ፍሬኑን ጨርሰህ ብታላላው፣ በነፋስ ላይ ቀላል ማጥመጃ ብትወረውር፣ ወይም ማጥመጃው ውኃ ሲነካ ስፑሉን በአውራ ጣትህ ሳትይዝ ብትቀር፣ ኮምፒዩተር ያለውም ይጠላለፋል። መጠላለፉ ይቀንሳል፣ ደግሞም በብዙ ይቀንሳል፤ አይጠፋም።

አዲስ ከመግዛትህ በፊት ያለህን በወጉ አስተካክለህ ሞክረው። ከእጀታው ጎን አንድ ትንሽ የሚዞር ቁልፍ ታገኛለህ። ማጥመጃውን ከዘንጉ ጫፍ አንጠልጥለህ የስፑሉን መልቀቂያ ተጫን፤ ማጥመጃው በዝግታ ወርዶ መሬት ሲነካ ስፑሉ ወዲያው መቆም አለበት። መዞሩን ከቀጠለ ቁልፉን አጥብቅ፣ ጭራሽ ካልወረደ አላላ። ከሌላው ጎን ያለውን ፍሬን ደግሞ እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ጀምርና እጅህ ሲለምድ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስክ ሂድ።

የቦርከና ልጅ፦

እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፤ ኮምፒዩተር ያለውን ሪል ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁና ስለ ጥቅሙ በድፍረት መመስከር እችላለሁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ ተራ ሪል የያዘ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር እኔ ማስተካከያውን ወደ ጠንካራው ቁጥር አዙሬ መወርወሬን እቀጥላለሁ። በተወረወረ ቁጥር እንደ ትንኝ ድምፅ ቀጠን ያለ ጩኸት ያሰማል፤ መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ግን የፍሬኑ ድምፅ መሆኑን ስረዳ ወደድኩት። ጨለማ ውስጥ ሲያጠምዱ ደግሞ ክሩን ማየት ስለማይቻል ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ጉዳቱንም ልንገርህ። የመጀመሪያው ዋጋው ነው፤ የሺማኖ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኤስኤልኤክስ ዲሲ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ በአሜሪካ 190 ዶላር ገደማ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አንተው አስላው። ሁለተኛው፣ ኩሽኔታውን ማጠብና ዘይት መቀባት ማንም ይችላል፤ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ቢበላሽ ግን በአካባቢያችን የሚከፍትልኝ ሰው አላገኘሁም። ሦስተኛው የራሴ ስንፍና ነው፤ አውራ ጣቴ ምንም ሳይማር ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው የጓደኛዬን ተራ ሪል ተውሼ በመጀመሪያው ውርወራ የደረሰብኝን ውርደት እዚህ አልጽፈውም።

በእኔ አስተያየት በየሳምንቱ ለሚያጠምድና ለአምባዛ ከበድ ያለ የእርሳስ ክብደት ለሚወረውር ሰው ያዋጣል። በወር ሁለት ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን ገንዘቡ ይበዛበታል።

አርዲቦ ዳር፦

ልጆቼ፣ ስለ ፍሬን የተናገራችሁት ሁሉ ትክክል ነው፤ ጠያቂው ምን ዓሣ እንደሚያጠምድ ግን እምብዛም አልተነሳም። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ያወጡት ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ፣ ቁራጭ ትል ወይም ሊጥ፣ ከሁለትና ሦስት ግራም የማይበልጥ እርሳስ ነው የሚፈልገው። ቤይትካስቲንግ ሪል ግን ስፑሉን የሚያስነሳ ክብደት ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ከ7 ግራም በታች ሲሆን ያስቸግራሉ። በሦስት ግራም ማጥመጃ የቱንም ያህል ውድ ሪል ብትይዝ ወይ አይሄድልህም፣ ወይ ይጠላለፍብሃል።

ለዚህ የሚሆነው ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ ሪል ነው። ክሩ ከቆመ ስፑል ጫፍ ላይ እየተፈታ ይወጣል እንጂ ስፑሉ አይዞርም፤ የማይዞር ነገር ደግሞ በፍጥነት አልፎ አይሄድም። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እንዲህ ያለውን ሪል በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ስለዚህ የማትጠላለፍ ሪል ፍለጋው ከመቶ ዓመት በፊት መልስ አግኝቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እርግጥ ክሩ ከላላ ስፒኒንግም ይቋጠራል፤ ያንን ግን በጣት መፍታት ይቻላል።

ቤይትካስቲንጉን አትጣለው። ማታ ለአምባዛ 30 ግራም እርሳስ ከዓሣ ቁራጭ ጋር ስትወረውር ጉልበቱ ያኔ ይታይሃል። እስከዚያው አንድ ዘዴ ልስጥህ፤ የምትወረውርበትን ርቀት ያህልና ጥቂት ጨምረህ ክር ከስፑሉ ሳብና በቀረው ክር ላይ ፕላስተር ለጥፈህ መልሰህ ጠምጥም። ቢጠላለፍ እንኳ ከፕላስተሩ በታች አይወርድም። ሲጠላለፍብህም በጥድፊያ አትጎትት፤ ስፑሉን በአውራ ጣትህ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙር፣ ከዚያ በዝግታ ሳብ፤ አብዛኛው ራሱ ይፈታል። ለመማሪያም የተጎነጎነውን ቀጭን ክር ትተህ 0.30 ሚሊ ሜትር ተራ ናይለን ተጠቀም።

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንደመከሩኝ ፕላስተር ለጥፌ፣ ቁልፉንም ሐረጎ ቁልቁለት በነገረኝ መንገድ አስተካክዬ፣ ሐይቅ ድረስ ሳልሄድ ሰፈራችን ካለው ኳስ ሜዳ ላይ ሞከርኩት። መንጠቆ አላሰርኩም፤ 20 ግራም የሚሆን ብሎን ብቻ አንጠልጥዬ 40 ጊዜ ወረወርኩ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰባቱ ተጠላለፉ፣ ከመጨረሻዎቹ አሥር አንዱ ብቻ፤ እሱም በረኛው ልጅ ብሎኑን ሊቀልብ ሲሮጥ ደንግጬ ጣቴን ስላነሳሁ ነው። የተጠላለፉትም ቢሆኑ ስፑሉን ይዤ እጀታውን ሳዞር ያለ ምላጭ ተፈቱ።

ለነጋዴው ኮምፒዩተር ያለውን እንዳያመጣ ነግሬዋለሁ። በምትኩ ለቆሮሶው የሚሆን ትንሽ ስፒኒንግ እንዲፈልግልኝ ጠይቄው «እሱማ የልጆች ነው» አለኝ።