የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ ለሆስፒታሉ አስተዳደር፤ ሐሙስ ከመግባቱ በፊት አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። የሻይ ክፍላችን የልጆች ማቆያ ይሁን። ሌሊትም ይሥራ። የሞግዚቶቹን ደመወዝ አስተዳደሩ ይክፈል፤ እኛም በወር መቶ መቶ ብር እንጨምር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቆያ እንዲያቋቁም በ2010 በወጣው አዋጅ 1064 ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሱን ጠቅሻለሁ።

ድንገተኛ ክፍል፦ የሻይ ክፍሉ ፍሪጅስ የት ይሄዳል?

ማዋለጃ፦ ከዚህ ሁሉ ፍሪጁ ታየህ? ከወሊድ በኋላ የተሰጠኝ ፈቃድ 90 ቀን ነበር፤ አልቆ ተመልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ወላዶቹን “እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ” እያልኩ አስተምራለሁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጡቴ አግቶ ጋዋኔን ያርሰዋል። ልጄ ጎረቤት ቤት ጡጦ ይዛለች።

ድንገተኛ ክፍል፦ ይገባኛል እህቴ። ግን ፍሪጁ በመዋጮ ነው የተገዛው። ምሳችንን የት እናስቀምጥ?

ኦፕራሲዮን ክፍል፦ ልክ ነው። እኔ ልጅ የለኝም፤ 500 ብር ግን አዋጥቻለሁ።

ሕፃናት ዋርድ፦ ፍሪጁ እዚያው ይቀመጥ፤ የእናቶቹም ወተት ይገባበታል። የታለበ የጡት ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ኦፕራሲዮን ክፍል፦ ከሽሮዬ ጎን?

ማዋለጃ፦ እንዲህ ትይኛለሽ? ስንት ሌሊት በአንቺ ተራ ገብቻለሁ!

ገንዘብ ያዥ፦ ተዉ እንጂ። ፍሪጁ የማኅበሩ ነው፣ ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ሌላ ፍሪጅ እንጠይቅ።

ኦፕራሲዮን ክፍል፦ ሲስተር፣ ይቅርታ። ክፉ አስቤ አይደለም።

ጸሐፊ፦ ሞግዚት እናፈላልጋለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት ገባችሁ?

ተመላላሽ፦ እኔ ፈተና ላይ ነኝ፣ በዚህ ወር አልችልም።

ድንገተኛ ክፍል፦ ማትሮኗ፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ሌሊት የሚለው ካለበት አልፈርምም ብላለች። ብናወጣውስ?

ማዋለጃ፦ የቀኑማ ሰፈሬም አለ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ እኔ ተረኛ የምገባው ያኔ ነው። ሌሊቱ ከወጣ ምን ቀረ?

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተስማማንበትን ጻፍኩ። አንደኛ፣ ለሻይ ክፍሉ ሁለተኛ ፍሪጅ ይገዛልን። ሁለተኛ፣ ለማቆያ የሚሆን ሌላ ክፍል ይፈለግ። የሌሊቱን ለሚቀጥለው ስብሰባ አቆይቼዋለሁ።

ማዋለጃ፦ እኔ አልፈርምም።

ሕፃናት ዋርድ፦ እኔም። ሌሊቱ ሲመለስ ጥሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የፍሪጁን ዋጋ መርካቶ ሄዶ የሚጠይቅ ማነው?