አዌቱ ወንዝ የኛን ዳር እየናደ የማዶውን መሬት እያሰፋ ነው፣ ምን ይሻላል?

የአዌቱ ጎረቤት
ሰላም የጅማ ልጆች። አዌቱ ከከተማ ወጥቶ ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወርድ እኛ ሰፈር ጋ ይጠማዘዛል። ማዶ ያለው መሬት እንደ ምላስ ወደ ወንዙ ገብቷል፣ ውሃው በሦስት በኩል ይዞረዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር እሱ ይረዝማል፣ የኛ ዳር ይናዳል። ዘንድሮ የእናቴ ሁለት እግር ቡና ከነአፈሩ ሄደ፤ የሦስተኛው ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የኛ ሰዎች ማዶ ያሉት ለጡብ አፈር ስለሚቆፍሩ ነው ይላሉ፣ እነሱ ደግሞ እናንተ እስከ አፋፉ ስለምታርሱ ነው ይላሉ። በአንድ እድር ያለን ሰዎች በዚህ መኮራረፋችን ያሳዝነኛል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ደለል
ወንዝ ሲጠማዘዝ በውጭ በኩል ውሃው ይፈጥናል፣ ዳሩን ከሥር ይበላዋል። በውስጥ በኩል ግን ስለሚያዘግም የያዘውን አሸዋና ደለል እዚያ ያራግፋል። ያቺ ምላስ የመጣችው እንደዚህ ነው፣ ማንም ሆን ብሎ አልሠራትም። ዳሩ ላይ አፈር የሚይዝ ሥር ከሌለ ግን ብዙ ዓመት የሚፈጀው በአጭር ጊዜ ይሆናል፤ ማረሱም መቆፈሩም የሚያባብሰው ለዚህ ነው።

የሸክላ ልጅ
እኔም ቦዬ አካባቢ ጡብ ነው የምሠራው። በጋ ላይ ቤተሰቤ የሚበላው ከሱ ነው። ከወንዙ ራቅ ብላችሁ ቆፍሩ ብትሉን እሺ እንላለን፣ ጭራሽ አቁሙ ስንባል ነው ጠቡ የሚመጣው። ቁጭ ብለን ድንበር እናብጅ።

አባ ጨፌ
ልጄ፣ ድንጋይ ብቻ እንዳትደረድሩ፣ ውሃው ተገፍቶ ከታች ያለውን ጎረቤት ነው የሚበላው። ቬቲቨር ሣር ትከሉ። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ሲተከል አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። ችግኙን በጋ ላይ አዘጋጅታችሁ ዝናቡ ሲጀምር በደቦ ትከሉት፣ በሁለቱም ዳር። ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ ሳይታረስና ሳይቆፈር ይቆይ፣ ጨፌው ራሱ ይመለሳል፣ ከብት ግን አታስገቡበት። የሚናደው አፈር እኮ እናንተ ጋ አይቀርም፣ በግልገል ጊቤ ወንዝ አድርጎ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ውስጥ ነው የሚገባው።

የአዌቱ ጎረቤት
እግዜር ይስጥልኝ አባ። እሁድ እድር ላይ አነሳዋለሁ፣ የማዶዎቹም ስለሚመጡ ጥሩ ነው። የሸክላ ልጅ፣ ከቻልክ አንተም ና። ቬቲቨሩን ጅማ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ይጻፍልኝ።