የ1890 ሕግ ለዛሬ ቴክኖሎጂ ይሆናል?

ጠያቂው፦ የአሜሪካው የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ፣ ሸርማን አክት፣ የወጣው በ1890 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በየጊዜው ለሚለዋወጥ ቴክኖሎጂ ይሆናል ትላላችሁ?

ፕሮግራመሩ፦ አይሆንም። መንግሥት የኮምፒውተር አምራቹን አይቢኤምን በ1969 ከሰሰ። ክሱ 13 ዓመት ተጎትቶ በ1982 ተቋረጠ። እስከዚያው ትንንሽ ኮምፒውተሮች መጥተው ገበያውን ገለባበጡት። ዳኛ ፋይል ሲያገላብጥ ቴክኖሎጂው ጥሎት ይሄዳል።

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ክሱ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ አይቢኤም ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ አስታወቀ። አንተ ዛሬ እንጀራ የምትበላበት ሙያ ራሱን የቻለ ንግድ እንዲሆን ያ ውሳኔ ትልቅ በር ከፍቷል።

ሌላ ተወያይ፦ እንደ ፌስቡክ ያለ አገልግሎት ለተጠቃሚው ነጻ ከሆነ ግን ማን ተጎዳ?

ጠበቃዋ፦ ሕጉ የሚያነክሰው እዚህ ጋ ነው። ፌስቡክ በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የኢንስታግራም ሠራተኞች 13 ብቻ ነበሩ። ገቢ የለ፣ ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ የለ። መርማሪ በምን ይለካው? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግዢውን ዝም ብሎ አሳለፈው። በ2020 ተመልሶ ፌስቡክን ከሰሰ፤ በ2025 ተረታ። ዳኛው ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብም ተፎካካሪ ናቸው አሉ። መጠየቅ የነበረበት በ2012 ነበር። ጀርመን ይህን አይታ በ2017 ሕጓን አሻሻለች፦ ዋጋው ከ400 ሚሊዮን ዩሮ ያለፈ ግዢ፣ የተገዛው ኩባንያ ሽያጭ ትንሽ ቢሆንም ሊመረመር ይችላል።

ፕሮግራመሩ፦ እሺ፣ ግን ስታርትአፕ (ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ) ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው አንድ ቀን ይሸጣል ብሎ ነው። መሸጫውን ከዘጋችሁ ማን ይደፍራል?

ዲዛይነሯ፦ እኔ የሠራሁበት ትንሽ ድርጅት ተሸጧል። በሦስተኛው ወር ምርታችን ተዘጋ። ደንበኞች «በምን እንተካው?» ብለው ሲጽፉልን፣ እንድንልክላቸው የታዘዝነው ሊንክ የገዢውን ምርት ነበር፤ ለሁለት ዓመት ልንበልጠው የለፋንበትን። ያንን መልስ ደጋግሜ የላክሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ደግሞ መሸጥ ብቻ አይደለም መውጫው። የዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ ተፎካካሪውን ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነበር። የአውሮፓና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች አላሳልፍ ሲሉ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2023 መጨረሻ ስምምነቱን ተዉት። ፊግማ አልሞተም። በ2025 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ።

ፕሮግራመሩ፦ የፊግማውን ተቀብያለሁ። የ13 ዓመቱን ክስ ግን አልቀበልም። ሕጉ ይኑር፤ የጊዜ ገደብ ይበጅለት። ግዢው ከመጽደቁ በፊት በወራት ውስጥ ይወሰን፤ ካለፈ በኋላ ከስምንት ዓመት ቆይቶ መክሰስ ይቅር።

ጠበቃዋ፦ በመጀመሪያው እስማማለሁ። ሁለተኛውን ግን በፍጹም። ገዢው ምርመራው ላይ የደበቀው ሰነድ ቆይቶ ቢወጣስ?