የበረዶ ጎማና ሁለተኛ ቸርኬ፦ እነዚህ ለጎልፌ ይገጥማሉ?

ጥያቄ፣ ከአዲሷ ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ቮልስዋገን ጎልፍ 7 ነው። አሁን ያለው ጎማ 225/45 አር 17 ነው። በረዶ በመጣና በሄደ ቁጥር ጎማውን ከቸርኬ ማስወለቅ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ለበረዶው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቸርኬ ልገዛ ነው።

ያገለገለ ባለ 16 ኢንች አሎይ ቸርኬ አግኝቻለሁ። የፋብሪካ አይደለም። ጀርባው ላይ 5 በ112፣ ኢቲ 45፣ 66.6 ይላል። የኔ መኪና ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃል) 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ልዩነት ችግር አለው? ደግሞ መኪናዋን የሚጎትታት የፊት ጎማ ስለሆነ፣ የበረዶ ጎማ ለፊት ሁለቱ ብቻ ብገዛስ?

መልስ፣ ከጎሚስታው ልጅ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሁለት ብቻ እንዳትገዢ! ፊቱ መንገዱን ይይዛል፣ ኋላው አይይዝም። ጠመዝማዛ ላይ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ወይም ፍሬን ስትይዢ ኋላው ይሸሽና መኪናዋ ትዞርብሻለች። ያኔ መሪ ብታዞሪም መመለሱ ከባድ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ቸርኬውን ተዪውና አራቱንም ጎማ ግዢ።

መልስ፣ ከቡሎን ፈቺ

ስለ ቸርኬው። 5 በ112 ማለት አምስት ቡሎን፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 112 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጎልፍም ልክ ይኸው ነው። ኢቲ ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይነግርሻል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። 45 ለመኪናሽ ቅርብ ነው፣ አያሳስብሽም።

66.6ቱ የመሃል ቀዳዳው ነው። ከሞዞሽ ስለሚሰፋ ቸርኬው መሃሉን ላይጠብቅ ይችላል፤ ያኔ ፍጥነት ስትጨምሪ መሪው ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ66.6 ወደ 57.1 የሚያጠብ ቀለበት አራት ግዢ። ስስ ነገር ነው፣ በእጅ ተገፍቶ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገርሽ። ያንቺን የፋብሪካ ቡሎን አንዱን ፍቺና አንገቱን እዪው። እንደ ኳስ የከበበ ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩ ቸርኬዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ግን እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ አንገት ነው። ክቡን ቡሎን በሾጣጣው ቀዳዳ ብታስሪው የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። የጠበቀ ይመስላል፣ እየነዳሽ ይላላል። እኔ ይህን ሳላጣራ ቸርኬ አስሬ፣ መንገድ ላይ ኳኳታ ሰምቼ ስወርድ ሁለት ቡሎን በጣት የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። ከልጆቼ ጋር ነበርኩ። ስለዚህ የቸርኬውን ቀዳዳ አይተሽ የሚመጥነውን ቡሎን ግዢ፣ ርዝመቱንም አስለኪ። በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) 120 ኒውተን ሜትር እሰሪው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እንደገና ፈትሺው።

መልስ፣ ከመንገደኛዋ

ወደ 16 መውረድሽን ወድጄዋለሁ። 205/55 አር 16 ውሰጂ። 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ። ስታሰዪው የጎማው ጠቅላላ ቁመት ወደ 632 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አሁን ያለሽ ወደ 634 ነው። ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያሽ አይዛባም። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ በረዶ የሸፈነው ጉድጓድ ቸርኬውን በቀላሉ አይመታውም።

ጎማውን ስትመርጪ ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልጊ። ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ ለማለት) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በበረዶ ላይ መፈተኑን አያሳይም። የተመረተበትን ጊዜም እዪ። 3523 ካለ በ2023 35ኛው ሳምንት ማለት ነው።

በረዶ እስኪወርድም አትጠብቂ። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች መዋል ሲጀምር የበጋው ጎማ ይደርቃል፣ የበረዶው ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ጎማ ሳታስገጥሚ ባዶውን ቸርኬ የፊት ሞዞ ላይ እሰሪና በእጅሽ አዙሪው። ፍሬኑ ትልቅ ከሆነ 16 ላያልፍ ይችላል።

ከአዲሷ ሹፌር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቡሎኑን ፈትቼ አየሁት፣ እውነትም ክብ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ደግሞ ሾጣጣ። ባዶውን ገጥሜ ሳዞረው ፍሬኑን አልነካም፣ በመሃላቸው ጣቴ ይገባል። ቀለበቱንና ቡሎኑን አዝዣለሁ፣ ጎማውም አራት ይሆናል። የጎማ ንፋስ መብራቱስ ይበራብኝ ይሆን?

ከቡሎን ፈቺ

ጎልፍ 7 አብዛኛውን ጊዜ የንፋስ መቀነስን የሚያውቀው በኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው) በኩል ነው፣ ቸርኬው ውስጥ መሣሪያ የለውም። ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ የመኪናው በር ወይም የነዳጅ ክዳን ላይ በተጻፈው ልክ ሙዪና ከሜኑው አዲሱን ልክ አስመዝግቢ። ብርዱ ሲጠና መልሰሽ ለኪ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ ወደ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል።