ጸሎቷ አልተሰማላትም ግን ተጽናናች፣ ይሄ እንዴት ነው?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረጅም ነው ይቅርታ አርጉልኝ ግን ካላወጣሁት አልተኛም። አባቴ ካረፈ 3 ወር ሆነው። ኦፕራሲዮን የገባ ቀን እኔና ታናሽ እህቴ ኮሪደር ላይ 6 ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ጠበቅን፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም መመሪያ ስንቴ እንዳነበብኩት እሱ አንድዬ ይወቀው (ፒኑን ይንቀሉ፣ ወደ እሳቱ ስር ያነጣጥሩ... አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ) እሷ ደሞ ጥጓን ይዛ ያቺን ትንሽዬ የጸሎት መጽሐፏን ከፍታ፣ ጠርዙ ከመታሸት ብዛት ክብ ሆኗል፣ አይኗን ጨፍና ጣቷን ግን መስመሩ ላይ አርጋ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስድስቱንም ሰዓት። አባቴ ከዛ በኋላ 11 ቀን ነው የቆየው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እሷ የለመነችው እንዲድን ነው፣ አልዳነም። በኔ ሂሳብ ከኔ በላይ መሰበር የነበረባት እሷ ናት፣ እኔማ መጀመሪያውኑ ከማንም ምንም አልጠበኩም። አለቀሰች፣ ከኔ የባሰ አለቀሰች፣ ከዛ ግን ተኛች። እንቅልፍ ወሰዳት! እኔ እስከዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አይኔን አፍጥጬ ጣራ አያለሁ።

ሃይማኖት ጠል አይደለሁም፣ ልጅ እያለሁ እሄድ ነበር ከዛ ያው ቀስ እያልኩ ቀረሁ፣ ከማንም ተጣልቼ ምናምን አይደለም። ስለዚህ አለ የለም ሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታምጡብኝ። እኔ ማወቅ ምፈልገው ሰው ከሃይማኖት ሚያገኘው መጽናናት ከምኑ ነው ሚመጣው? መልስ ነው እንዳልል መልስ አላገኘችም። ተአምር ነው እንዳልል ተአምሩ አልመጣም። ታዲያ ምን አግኝታ ነው የተኛችው? ቅናት ነው በሉኝ፣ አዎ ቅናትም አለበት።

አንባቢ_ነኝ፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ ምለው የለኝም፣ ሌሎቹ ሚሉትን ለማንበብ ነው የተቀመጥኩት

የሌሊት_ተረኛ፦
ነፍስ ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ነርስ ነኝ፣ ኮሪደር ላይ ሚጠብቅ ሰው ሳይ ብዙ አመት ሆነኝ። አንዳንዱ በየ5 ደቂቃው መጥቶ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ ስልኩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ይቆማል ይቀመጣል። ሚጸልየው ግን ብዙ አይጠይቀኝም። በፊት በፊት እነዚህ ሰዎች እንደሚድን እርግጠኛ ስለሆኑ ነው ብዬ አስብ ነበር፣ ቆይቼ ሳየው እንደዛ አይደለም፣ እንደማይድን ራሳችን ነግረናቸው እንኳን እንደዛው ናቸው። በቃ ስራ አላቸው። አፋቸው ስራ አለው እጃቸው ስራ አለው። አንተስ ያንን መመሪያ ደጋግመህ ያነበብከው ለምን ይመስልሃል? አንተም ሚደገም ነገር ፈልገህ ነው እኮ፣ አጠገብህ የተገኘው ጽሑፍ ግን ስለ እሳት ሆነብህ።

ማሊኖቭስኪ ሚባል አንትሮፖሎጂስት (የሰውን አኗኗርና ባህል ሚያጠና) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓስፊክ ውስጥ ያሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሄዶ ከሰዎቹ ጋር ኖሮ የጻፈው አለ። ከወጀብ በተከለለው ጸጥ ያለ ውሃ ላይ አሳ ሲያጠምዱ ምንም አይነት ሥርዓት አያደርጉም፣ ዝም ብለው ሄደው አጥምደው ይመለሳሉ። ክፍቱ ባህር ላይ ሲሆን ግን፣ ማዕበሉም አሳውም እንዴት እንደሚሆን ማይታወቅበት ቦታ፣ ከመውጣታቸው በፊት ብዙ ሥርዓትና ድግምት አላቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጀልባውንም መረቡንም አንደኛ ያውቁታል፣ ስላላወቁ አይደለም ማለቴ ነው። እውቀታቸው ሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ነው ያኛው ሚጀምረው። ኮሪደር ማለት ለኔ ክፍት ባህር ነው።

ደሞ ሰውነትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ በርናርዲ ሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 23 ጤነኛ ሰዎችን አንዴ በመቁጠሪያ ሚደገመውን የካቶሊክ የላቲን ጸሎት፣ አንዴ ደሞ የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ ሚባል ቃል) እንዲደግሙ አርጎ ለካቸው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ አወረደው፣ ከተለመደው ከግማሽ በታች ማለት ነው፣ የደም ግፊትን ሚያስተካክለው የሰውነት ሲስተምም የተሻለ ሰራ። ምንም ማይገናኙ ሁለት ሃይማኖቶች ሳንባ ውስጥ ተገናኙ። እህትህ 6 ሰዓት ሙሉ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ትንፋሿም አብሮ እየተመዘነ ነበር ብዬ ነው ማስበው። ይሄ ሁሉንም አይመልስም፣ አውቃለሁ፣ እንቅልፍ የወሰዳትን ግን በከፊል ይመልስ ይመስለኛል።

ቀጥተኛው፦
ለሃዘንህ ይቅርታ ግን እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ማደንዘዣ ነው። ማርክስ ሃይማኖትን የሕዝብ ኦፒየም (ማደንዘዣ ዕፅ) ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ሳይንሱም ተፈትኗል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በ6 ሆስፒታሎች 1,802 የልብ ባይፓስ የተሰራላቸውን ሰዎች ወስደው ሶስት ቦታ ከፈሏቸው፣ ለሁለቱ ቡድን እንዲጸለይላቸው ተደረገ ለአንዱ አልተደረገም። ይጸለይላችሁ ይሆናል ላይሆንም ይችላል ከተባሉት ውስጥ፣ የተጸለየላቸው 52% ኮምፕሊኬሽን (ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሚመጣ የጤና ችግር) ገጠማቸው፣ ያልተጸለየላቸው 51%። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ደሞ 59%! ባሰባቸው። አለቀ ደቀቀ።

የድሮ_መምህር፦
አቶ ቀጥተኛው፣ ልጄ፣ ማርክስን ከጠራኸው አይቀር ሙሉውን ጥራው። እ.ኤ.አ. በ1844 በታተመው ጽሑፉ ላይ ኦፒየም ከማለቱ በፊት ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ ነው፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው ብሎ ነው ሚንደረደረው። በሱ ዘመን ኦፒየም ሰው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለህመሙ ሚወስደው ነገር ነበር። ማርክስ ሃይማኖት ይወገድ ባይ ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን መጀመሪያ ህመም አለ ብሎ አምኗል። ሰው ያንን እየዘለለ ኦፒየሟን ብቻ ይዞ ይሮጣል።

ጥናትህም ጥሩ ጥናት ነው፣ ያጠናው ግን የማያውቁት ሰው ሲጸልይ የሌላው ልብ ይድን እንደሆን ነው። ልጁ የጠየቀው የተጸለየለት ምን ሆነ ብሎ መች ነው፣ የጸለየችው ምን ሆነች ነው።

ቀጥተኛው፦
እሺ ጋሼ ሁለተኛው ላይ አሸንፈውኛል። ግን ማደንዘዣ መሆኑን አልካዱም

የድሮ_መምህር፦
አልካድኩም። አንተ ጥርስህን ስትነቀል ያለማደንዘዣ ነው እንዴ?

ኡሙ_ሰላም፦
ሃሃ ጋሼ። እኔ ስለራሴ ላውራ። ወንድሜ የሞተ ቀን በስልክ ነው የተነገረኝ፣ ቆሜ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ አፌ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። አፌ አለ ነው ምላችሁ፣ እኔ ገና አልገባኝም ነበር! ትርጉሙ እኛ የአላህ ነን ወደሱም ተመላሾች ነን ነው፣ ልጅ ሆኜ ሚሊዮን ጊዜ ብዬዋለሁ ምንም ሳይሰማኝ። እና ያን ሰዓት ላይ የራሴ የምለው አንድ ቃል እንኳን ባልነበረኝ ጊዜ አፌ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ አገኘሁት። ከኔ በፊት ስንትና ስንት ሰው እንደዛ ስልክ ይዞ እሱኑ ብሏል፣ ቃሉ የኔ ብቻ አይደለም፣ ሐዘኑም የኔ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሸሚዙ እጅጌ ያን ጊዜም እጄ ላይ ነበር፣ አጥፌ ጨረስኩት ከዛ ነው ቁጭ ያልኩት።

ስለዚህ ወንድሜ አንተ ምን አገኘች ብለህ ምትጠይቀው ያን ቀን ያገኘችውን ነው። ያን ቀን አይደለም ያገኘችው። ደህና በነበረች ጊዜ ሁሉ እየደገመች ስታስቀምጠው የኖረችውን ነው ያወጣችው። አንተ ደሞ አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከባዶ ልትጀምር ነው ምትሞክረው፣ በጣም ከባድ ነው እሱ። አላህ ያቅልልህ።

ዝምታ፦
ሁላችሁም ሲያጽናና ብቻ ነው ያወራችሁት። ያልተነካ ግልግል ያውቃል አሉ። እኔ ልጄን በ7 ወሬ ሆዴ ውስጥ ሳለ አጣሁት፣ የጸሎት ቡድናችን ውስጥ ያለች አንዷ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምጽ «ምን አጥፍተሽ ይሆን? እስቲ ራስሽን መርምሪ» አለችኝ። ሁለት አመት መረመርኩ። ያላገኘሁት ጥፋት የለም፣ የ9 አመት ልጅ ሆኜ የዋሸሁትን ሳይቀር አገኘሁ። ማታ ማታ ሚያስፈራኝ እግዚአብሔር ባይኖርስ ሚለው አልነበረም፣ ኖሮ ተቀይሞኝ ቢሆንስ ሚለው ነው። ለዛ አይነት ፍርሃት ማደንዘዣ የለውም አቶ ቀጥተኛው።

በኋላ አንድ አማካሪ ነገረችኝ፣ ፓርጋመንት ሚባል ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 596 ዕድሜያቸው 55ና ከዛ በላይ የሆነ ታመው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን 2 አመት ተከታትሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የታተመው። አምላክ ትቶኛል፣ አይወደኝም፣ ሰይጣን ነው ይሄን ያመጣብኝ ምናምን ብለው ሚታገሉት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። አንዱ እምነት አንዱን ያስተኛል አንዱን ይገድላል ማለት ነው። እና ምን አገኘች ከማለትህ በፊት የትኛውን አምላክ ነው ያገኘችው በል። እህትህ የማይቀየም ነው የደረሳት፣ ታድላ።

የድሮ_መምህር፦
እመቤቴ፣ አንብቤ ብዙ ደቂቃ ዝም አልኩ። የኢዮብ ወዳጆች ሲመጡ 7 ቀን 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም ይላል። እስከዛ ድረስ ከነሱ የተሻለ ወዳጅ አልነበረም። ከዛ በኋላ አፋቸውን ከፈቱና ምን አጥፍተህ ነው አሉት። የተበላሸው ያኔ ነው፣ መጨረሻ ላይ የተወቀሱትም እነሱ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ከዚህ የምጨምረው የለኝም።

ዝምታ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ይሄን ያኔ ሚለኝ ሰው አጣሁ

አንባቢ_ነኝ፦
አላወራም ብዬ ነበር ግን አንድ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሊምና ፑትናም ሚባሉ ሶሻል ሳይንቲስቶች አሜሪካ ውስጥ አጥንተው ያገኙት ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ዘወትር አምልኮ ቦታ ሚሄዱ ሰዎች በሕይወታቸው ይበልጥ ደስተኛ ናቸው ሚባለው ከምን እንደሚመጣ ሲፈትሹት ዋናው እዛ ያፈሩት ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ሄዶ ብቻውን ቁጭ ብሎ ብቻውን ሚመለስ ሰው ያን ያህል አይጠቀምም።

ቀጥተኛው፦
አያችሁ! ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ሰማይ ቤት አያስፈልግም። የስፖርት ክለብ ግቡ

አንባቢ_ነኝ፦
አልጨረስኩም እኮ ወንድሜ። ጓደኛው ብቻም አልሆነም። ሃይማኖቴ የማንነቴ ትልቅ ክፍል ነው ለሚል ሰው ነው እነዛ ጓደኞች ሚሰሩት፣ ለማይለው ብዙም ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ያፈሩት ጓደኛም ያንኑ ውጤት አላመጣም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ እኔም ብዙ አሰብኩበት፣ ምናልባት አብሮህ ሚያለቅሰው ሰው አንተ የምታየውን ነገር ሚያይ ሲሆን ነው... እኔንጃ

ኡሙ_ሰላም፦
ክለብህ ውስጥ ልምምድ ላይ እያላችሁ ወንድሜ አሁን የት ነው ያለው ብለህ ጠይቅ እስቲ፣ ሰው ውሃውን ይዞ ይበተናል። ጥያቄው ራሱ ማያሳፍርበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ይመለስ አይመለስ ሌላ ነገር ነው

ቀጥተኛው፦
ይሄኛው እውነት ነው። እኔ አባቴ ሲሞት ቢሮ ውስጥ 2 ሰው ብቻ ነው ስሙን የጠየቀኝ። እሺ ዝም አልኩ

ግራ_የገባው፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ሶስቴ። ዝምታ በተለይ ላንቺ፣ ምን እንደምል አላውቅም፣ ስለዚህ ምንም አልልም።

ትናንት ማታ እህቴ ጋ ደወልኩና ጠየኳት። ያን ቀን 6 ሰዓት ሙሉ ምን እያልሽ ነበር አልኳት። ሳቀች መጀመሪያ። ከዛ እንዲ አለችኝ፣ «የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት እንዲድን ለመንኩ። ከዛ በኋላ መለመኑ ደከመኝ፣ ዝም ብዬ የተጻፈውን ብቻ አልኩ። ከዛ እሱም ጠፋኝ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለሁ ራሱ አላውቅም ነበር»። ጣትሽ እኮ መስመሩ ላይ ነበር አልኳት፣ «ጣቴን ባነሳው ያልቃል ብዬ ነዋ» አለች። ምኑ ነው ሚያልቀው ስላት ዝም አለች፣ እኔም ደግሜ አልጠየኳትም።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል አንተስ ምን እያነበብክ ነበር አይንህን ከግድግዳው አልነቀልክም እኮ አለችኝ። ፒኑን ይንቀሉ ብዬ ጀመርኩላት፣ ወደ እሳቱ ስር ያነጣጥሩ ስል አብራኝ አለችው፣ እሷም በቃሏ ይዛዋለች ለካ። እስከ መጨረሻው ድረስ አብረን አልነው።